ለሐኪሟ የሚጻፍ ደብዳቤ

ጥቅምት 4

ወንድም ዓለም፣

ይህች ወረቀት መንገድ ሳይጠፋት ደርሳ፣ ጤናህ ሙሉ ፊትህ የሳቀ ሆኖ ታግኝህ። እማማ ሳላመርቀው አትጀምሪ ስላለችኝ ምርቃቷን እንዳለ እቀዳልሃለሁ፦ የነካኸው ሁሉ ይዳን፣ እጅህ መድኃኒት ይሁን፣ ክፉ አይይህ። እኔን ስታመርቅ «አንቺም እንግዲህ» ብላ ነው የምትጨርሰው።

እኛ ደህና ነን። ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ከእኔ ጋር ቁልፍ ትተክላለች። የእማማ ዓይን ጨርሶ ስለደከመ ደብዳቤህን ጮክ ብላ የምታነብላትም እሷ ናት። እኔ ግን እየተላጥኩ ነው። ክርኔና ጉልበቴ ላይ የኖረው ነገር አሁን መዳፌ ላይ ወርዷል። ቀልቶ ይነሳል፣ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፣ ሲረግፍ የምሰፋው ጨርቅ ላይ ዱቄት የነሰነስኩ ይመስላል። በጓንት ሞከርኩት፤ በጓንት መርፌ መያዝ ካልሲ አድርጎ እግር መታጠብ ነው። ባለፈው አንዲት ደንበኛዬ የሰፋሁላትን ቀሚስ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «አፍልቼው ነው የምለብሰው» አለችኝ። «ለብሰሽው ብትፈዪ ይሻላል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። እማማም ኩባያዬን ለይታ መስኮት ላይ አስቀምጣለች። አይተላለፍም ብላት አታምነኝም፤ አንተ ጻፍላት፣ ያንተን ታምናለች።

ዋናው ጉዳዬ ይኸውልህ። ባለፈው ማክሰኞ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ልጅ እግር ሴት ናት። ሶሪያሲስ ይባላል አለችኝ፤ ስሙን ካወቅኩት ዳንኩ መሰለኝ። እሷ ግን እጄን ትታ ግፊቴን ለካች፣ ደሜን ቀዳች። ግፊቴ ከፍ ብሏል፣ ደሜ ስብ በዝቶበታል፣ ይህ ሕመም ደግሞ ቆዳ ላይ ብቻ አይቆምም፣ ውስጥ ለውስጥ የደም ሥርን እያስቆጣ ልብን ይጎዳል ብላ በየቀኑ የሚዋጥ የግፊት ኪኒን አዘዘችልኝ። ለእጄ ብሄድ ልቤን! ጫማ ላሠራ ገብቼ ባርኔጣ ሸጡልኝ።

ሐኪሙ አንተ ነህና ቁርጡን ንገረኝ። ልዋጠው ወይስ ልተወው? ያልከኝን አደርጋለሁ።

አዝላ ያሳደገችህ እህትህ

ጥቅምት 29
(ተጽፎ ያልተላከ)

እታለም፣

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት «ሆስፒታል ሥራ ገባሁ» ብዬ ጻፍኩላችሁ፤ የቀረውን እማማ ራሷ ሞላችው። በሚቀጥለው ደብዳቤ «ዶክተሬ» ብላ ስትጀምር ላርማት አሰብኩ፣ ግን ደስ አለኝ። እዚህ እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ የለም፤ «ሦስተኛ ፎቅ ፈሷል» ነው የሚሉኝ። ሁለት ባልዲ የተጫነበት ጋሪ እገፋለሁ። ኮሪደሩን፣ መጠበቂያ ክፍሎቹን፣ ሽንት ቤቶቹን አጸዳለሁ። ስለ ልብሽ የማውቀው ነገር የለም። ያቺን ልጅ ስሚያት።

ኅዳር 1

ለተከበርሽውና ለምናፍቅሽ እህቴ፣

በያላችሁበት ጤናው ይብዛላችሁ። እኔ በሥራ ብዛት ካልሆነ በቀር ደህና ነኝ። የእማማ ምርቃት ደርሶኛል፤ እጄ ላይ ይታየኛል።

ጥያቄሽን በሕክምና ዓይን ተመልክቼዋለሁ። ቆዳ ቆዳ ነው፣ ልብ ልብ ነው። የተለያየ ክፍል ነው የሚታከሙት፤ ፎቃቸውም የተለያየ ነው። አዲስ የተመረቁ ሐኪሞች ትናንት ያነበቡትን ዛሬ በሽተኛ ላይ መሞከር ይወዳሉ፤ ልምድ ሲያገኙ ይተዉታል። የግፊቱን ኪኒን ተዪው፤ ሰውነትሽን በማያስፈልግ መድኃኒት አታድክሚ። ቅባት ልኬልሻለሁ፣ ጠዋትና ማታ ስስ አድርገሽ ተቀቢው። ለእማማ ደግሞ አይተላለፍም ብሎሻል በዪልኝ፤ ኩባያውን ትመልስልሽ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 10

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ አንተን እያነሳን እየጣልን ነው፤ ዛሬ ሁሉም ማንሳት ነው። ቅባትህ ተአምር ሠራ! መዳፌ ጸዳ። ክርኔም ቢሆን ሳስቶልኛል። የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም እንድሰፋ ተሰጥቶኛል፣ መቶ ስድሳ ሸሚዝ። እማማም ደብዳቤህ ሲነበብላት ተነስታ ኩባያዬን አጥባ ከሌሎቹ ጋር ደረደረችው። ስድስት ወር ስለምናት የኖርኩትን አንተ በአንድ መስመር።

ሐኪሟን ልክ አገባኋት። ለቀጠሮዬ ሄጄ ኪኒኑን እንደጣልኩት ነገርኳት። ሰው ሞልቶ ነበር።

«ለምን ጣሉት?» አለችኝ።

«ወንድሜ ሐኪም ነው። ቆዳ ቆዳ ነው፣ ልብ ልብ ነው ብሏል።»

«ወንድምዎ የምን ሐኪም ናቸው?»

«የሁሉም!» አልኳት። «አንቺ ፊደል ስትቆጥሪ እሱ ሰው ያድን ነበር። ልምምድሽን ሌላ ሰው ላይ አድርጊ።»

ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። እሷ ፊቷ ደም መሰለ፣ ግን አልተቆጣችም። ካርዴ ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና «እንደፈለጉ» አለችኝ። ልጄ ስንወጣ ተቆጣችኝ፤ እሷ ደግሞ ለማንም መሟገት ትወዳለች።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ደረጃው ግን ረዝሞብኛል፤ ጥቅል ጨርቅ ይዤ መሐል ላይ ሳልቆም አልጨርሰውም። ወፍረሻል ትለኛለች እማማ። እውነቷን ነው።

እህትህ

ጥር 6
(ተጽፎ ያልተላከ)

እታለም፣ ዛሬ የቆዳ ክፍሉን መጠበቂያ ስወለውል ከወንበር ሥር የወደቀ በራሪ ወረቀት አነሳሁ። ላዩ ላይ የክርን ሥዕል አለበት፣ ያንቺን ክርን ይመስላል። ገለጥኩት። «ሶሪያሲስ ካለብዎ ልብዎንም ያስመርምሩ» ይላል። የክፍሉን ነርስ በሻይ ሰዓት ጠየቅኳት። «አዎ፣ ሁሉም የሚያውቀው ነው» አለችኝ። ሁሉም የሚያውቀው ነው እታለም። ወለል የሚወለውለው ብቻ ነው ያላወቀው።

ጥር 9

ለተከበርሽው እህቴ፣

ሰላምታዬ እንደ ናፍቆቴ ብዙ ነው። ዩኒፎርሙን በማግኘትሽ በጣም ደስ ብሎኛል።

ስለዚያ ኪኒን፣ ጉዳዩን ከባልደረቦቼ ጋር ደግሜ ተነጋግሬበታለሁ። ተዪው ያልኩት በጊዜው ትክክል ነበር። ቢሆንም ዕድሜሽን ስናስብ ቢወሰድም የሚጎዳ ነገር የለውም የሚሉ አሉ። ከተመቸሽ፣ በዚያ ካለፍሽ፣ ግፊትሽን ተለኪ። ጨው ቀንሺ። ደረጃው ላይም ቀስ በዪ። ምንም አያስደነግጥም፣ ለጥንቃቄ ያህል ነው።

ወንድምሽ

ጥር 30

ወንድም ዓለም፣

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ብጀምር ደስ ይለኛል፤ ግን ጤናውን ዘንድሮ አንተም በሁለት አፍ ነው የምትሰጠኝ። አንዴ ጣዪው፣ አንዴ ቢወሰድም አይጎዳም። በየትኛው ልሂድ?

እንግዲህ ያልከውን ልፈጽም ብዬ ኩራቴን ጠቅልዬ ሄድኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሰድቤያት፣ ዛሬ ወንድሜ አሳቡን ቀየረ ብዬ እንዴት ልግባ? በር ላይ ቆሜ ሳመነታ ራሷ አየችኝና ጠራችኝ። ልጅቷ ክፋት የላትም። «ወንድምዎ አንድ ገጽ ይጻፉልኝ» አለችኝ። «ሐኪም ለሐኪም እንነጋገር። ምን ዓይተው እንዳስቆሙዎት ልወቅ፣ እኔም ልሳሳት እችላለሁ። እስከዚያው ግን ኪኒኑን ይዋጡ።» ልትጽፍልኝ እስክሪብቶ አነሳች።

«አይ፣ ደብዳቤው ይቅደም» አልኳት። ወረቀትህን ጠረጴዛዋ ላይ አድርጌ፣ ያን ጊዜ በኩራት ነው የምቀበላት። ያኔ ስቀው የነበሩትም ይዩት። እናም ጻፍልኝ። በእናንተ በሐኪሞች ቋንቋ አድርገው፤ እኔ ባይገባኝ ግድ የለም። ማኅተም ካላችሁም ይመታበት።

ዩኒፎርሙ ግማሽ ደርሷል። ቶሎ በል።

እህትህ

መጋቢት 2

ወንድም ዓለም፣

እንደምን አለህ፣ ደህና ነህ ወይ? አንድ ወር ሙሉ ድምፅህ ጠፋ። እማማ ቀዶ ሕክምና በዝቶበት ነው ትላለች። ደብዳቤውን ብቻ ላክልኝ፤ ለእኔ ሰላምታም አያስፈልገው።

ሐኪሟን ትናንት መንገድ ላይ አገኘኋት። «መጣ?» አለችኝ። «በመንገድ ላይ ነው» አልኳት። እንዳታስዋሸኝ።

ግራ ትከሻዬን ይወጋኛል፤ መንጋጋዬ ድረስ ይሄድና ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ካውያ መግፋት ነው እንዲህ የሚያደርገኝ። ልጄ አሁኑኑ እንሂድ ብላ እጄን ጎተተችኝ፤ ወረቀቱ ሳይመጣ ፊቷ አልቆምም ብያታለሁ። ለትከሻዬ የሚሆን ቅባት ካለም ጨምርበት።

እህትህ

መጋቢት 19

ለተከበርሽው እህቴ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሥራ አላስተነፍስ ብሎኝ ነው የዘገየሁት። ለሐኪሟ የሚጻፈው ደብዳቤ ተጀምሯል። እንዲህ ያለ ነገር በጥድፊያ አይጻፍም፤ የሚጣሩ ነጥቦች አሉ። በቅርቡ ይደርስሻል። እስከዚያ ከባድ ነገር አታንሺ። ትከሻሽንም ሐኪሟ ብታየው አልቃወምም፣ ግን የግድ አይደለም።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 8

ለአጎቴ፣

እንደምን አሉ? እግዚአብሔር ጽናቱን ይስጥዎ ብዬ መጀመር አለብኝና ይስጥዎ።

እናቴ መጋቢት 28 ቀን ከሰዓት በኋላ አረፈች። ስፌት መኪናው ላይ ነበረች። አንገትጌ እየገጠመች ነበርና ጨርቁ ሲያዘነብል ታየኝ፤ ስቀርብ እግሯ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ነው፣ መርፌው ባዶውን ይወርዳል ይነሳል። ጎረቤት ጠርቼ ተሸክመን ሄድን። ያቺው ሐኪም ከክፍሏ ሮጣ ወጥታ ደረቷን እየተጫነች ብዙ ደከመች። ሲያበቃ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ «ደብዳቤው መጥቶ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

የመጋቢት 19ኙ ደብዳቤዎ ቅዳሜ ደረሰ። ከተቀበረች ስድስተኛ ቀኗ ነበር። ለእማማ አንብቤላታለሁ። «አየሽ፣ ከባድ አታንሺ ብሏት ነበር» ብላ አለቀሰች።

አሁን ደግሞ የምጠይቅዎ አለኝ። ክርኔ ላይ ሁለት ቦታ ቀልቶ ቅርፊት አውጥቷል። ሐኪሟ እኔንም ግፊትሽን ልለካ፣ ደምሽን ልይ ትለኛለች። እናቴ እስከ መጨረሻው የእርስዎን ቃል እንጂ የማንንም አልሰማችም። እኔም ያለ እርስዎ ቃል አንድ እርምጃ አልሄድም። ምን ላድርግ?

የእህትዎ ልጅ

ሰኔ 20

ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ዘጠኝ ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ይሄኛውን ሳላነበው ፖስታ ውስጥ እከተዋለሁ።

ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። እናትሽ ሐኪሟ ያለቻትን ጽፋ ስትጠይቀኝ ምንም አላውቅም ለማለት አፈርኩ። አዝላ ያሳደገችኝ ሰው አንድ ጊዜ እኔን ልትሰማ ተቀምጣ ነበር፤ ደስ የሚል ነገር ነው፤ አንቺ ወጣት ስለሆንሽ አይገባሽም። ስለዚህ ከራሴ ፈጥሬ ጻፍኩላት፤ ቅባቱንም መድኃኒት ቤት ጠይቄ ነው የገዛሁት። በኋላ እውነቱን አወቅኩ፣ ጥር ላይ። ሐኪሟ ያለችው በሙሉ ልክ ነው። ሕመሙ ቆዳን ያስቆጣል፣ የደም ሥርንም እንደዚያው፤ ለዚህ ነው ግፊትና የደም ስብ በጊዜ የሚታየው። ይህን በአንድ መስመር መጻፍ እችል ነበር። አልጻፍኩትም። ብጽፈው ማን እንደሆንኩ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ። ለሐኪሟ የሚጻፈውን ወረቀት ስጀምር ደግሞ ከ«ለተከበሩ» በኋላ የምጨምረው ቃል አጣሁ።

ዛሬውኑ ሂጂ። ተለኪ፣ ደምሽን ስጪ፣ የምትልሽን ሁሉ አድርጊ። አትጠብቂኝ። የማንንም ደብዳቤ አትጠብቂ። ከቻልሽ ይቅር በይኝ። ይህንንም ለእማማ አንብቢላት፤ እኔ አፌን ሞልቼ ልነግራት አልችልም። ከዚህ በኋላ ተሸክሜው መኖር አቅቶኛል።

አጎትሽ

ሐምሌ 14

አጎቴ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንቱታውን የተውኩት ረስቼ አይደለም።

ስለ እኔ አትጨነቅ። እናቴ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ዘንድ ሄጃለሁ። ክርኔን አይታ የሚቀባ ሰጠችኝ፣ ግፊቴን ለካች፣ ደሜን መረመረች። ለጊዜው ደህና ነኝ፤ በየስድስት ወሩ እታያለሁ። ሚያዝያ ላይ «ምን ላድርግ» ብዬ ስጽፍልህ ውጤቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

የጠየቅኩህ መልሱን ፈልጌ አይደለም። አንድ ገጽ ለመጻፍ ሁለት ወር የሚፈጅበት ሐኪም የለም፤ ያ የገባኝ እናቴ መስኮት ላይ ፖስተኛውን ስትጠብቅ ሳይ ነው። ነገርኳትም። ካውያ በያዘው እጇ ልትመታኝ ተነሳች። «ወንድሜን!» ብላ። ስለዚህ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌላ ሰው ሊሞት ነው ብለህ ስታስብ እውነቱን ለመናገር ስንት ቀን ይበቃሃል? ቆጠርኩ። ሰባ ሁለት ቀን ፈጀብህ። እናቴ ያን አንድ ገጽ መጠየቅ ከጀመረችህ በኋላ የነበራት ሃምሳ ስምንት ቀን ነው።

ይቅርታ ጠይቀሃል። የለኝም። ልዋሽህም አልችልም፤ ያ ያንተ ሥራ ነው።

ለእማማ አንብቢላት ያልከውን አላነበብኩላትም። አላነብላትምም። ለማጽናናት ለሚመጣው ሁሉ «ልጄ ሐኪም ባይሆን ኖሮ ይቺን ያህልም አትቆይልኝም ነበር» ትላለች። ከሁለት ልጆቿ የቀራት ይህ ብቻ ነው። አንተ መሸከም አቅቶሃልና ለእሷ አሸክሚልኝ ትለኛለህ። አላደርገውም።

በየወሩ ትጽፋለህ። አንድም ወር እንዳታልፍ። «ዶክተሬ» ስትልህ አቤት ትላለህ። የፈለግከውን ጻፍበት፣ ባዶ ወረቀትም ይሁን፤ የማነብላት ሐኪሟ የምትለኝን ነው፣ መጨረሻው ላይ ያንተን ስም እየጠራሁ። ፖስታው ግን መምጣት አለበት፤ እየዳሰሰች ነው የምትሰማው።

ትናንት ጉልበቴን ያመኛል፣ ልጄን ጠይቂልኝ ብላለች። መልስህን እየጠበቀች ነው።

የእህትህ ልጅ